ከቁስቋም እስከ ቅዳሜ ገበያ

ኅዳር 6 ቀን ጎንደር ውሎ የሚያውቅ ሰው የምለው አይጠፋውም። የጽጌ ወራት ተፈጽሞ የቁስቋም ማርያም በዓል በሚከበርበት በዚያ ዕለት፣ ከተማው እንዳለ ፊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዙሮ ዳገቱን ይያያዘዋል። ነጠላ ያጣፋው፣ ጥላ የዘረጋው፣ ልጅ ያዘለው፣ ምርኩዝ የተደገፈው ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛል። መኪና ያለው ሰው ደግሞ እስከ ቅጥሩ በር ካልነዳሁ ብሎ ይመጣል። የሚከተለውን መተረክ አያሻም፤ አንዱ ሊዞር ሲሞክር ሌላው ከኋላው ይደቀንበታል፣ ጡሩምባው ማኅሌቱን ይውጠዋል፣ አዛውንቶች በሁለት መኪኖች አፍንጫ መካከል ጎናቸውን አጥብበው ያልፋሉ።

አምና በዚያ መንገድ ላይ የእናቴን ክንድ ይዤ ነበር። እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቁስቋም ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እኛንም እዚያው ያሳደገችን ናት። መሐል መንገድ ላይ ቆም ብላ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ፣ «ሽቅቡንስ ለማርያም ብዬ እወጣዋለሁ፤ ያስቸገረኝ ቁልቁሉ ነው» አለችኝ። ቁልቁል ማለቷ ወደ ገበያው መውረዱን ነው። በበዓሉ ቀን ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት ሁሉ ክንድ ያበድራል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሽማግሌው ከከተማው ጋር ብቻውን ይጋፈጣል።

እናቴ ለሃምሳ ዓመታት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ኖራለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀርታለች። በርበሬውንና ሽንኩርቱን የቤት ሠራተኛዋ ትገዛዋለች፤ ዋጋው ጥቂት ይወደድባት ይሆናል እንጂ ከጓዳው የጎደለ ነገር የለም። ነገር ግን ገበያው ለእናቴ ጋዜጣዋ ነበር። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ከስደት እንደተመለሰ፣ የትኛው ዕድር ድንኳን እንደተከለ የምትሰማው ከቅቤ ነጋዴዎቹ ጎን ተቀምጣ ነው። ከቀረች ወዲህ በስልክ ስናወራ ወሬዋ ሁሉ የዱሮ ሆነብኝ። ትናንት የሆነ ነገር የምትነግረኝ እምብዛም ነው።

«ለምን ቀረሽ?» ብዬ ስጠይቃት እርጅናን ትወነጅላለች። እኔ አንድ ቅዳሜ አብሬያት ወርጄ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከሰፈራችን እስከ ዋናው መንገድ ያለው ቁልቁለት ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ኮብልስቶን የጭቃ መድኃኒት መሆኑን አልክድም፤ ክረምት ላይ ሲረጥብ፣ ድንጋዩም በጎማ ከተሞረደ በኋላ፣ ለሽማግሌ እግር ከሳሙና አይሻልም። በእጅ የሚይዙት ብረት በአንዱም ዳር የለም። ባጃጅ እስከዚያ ሽቅብ አይወጣም፤ ቢወጣም በኮንትራት ነው። ዋናው መንገድ ደርሰን የጋራውን ባጃጅ ስንጠብቅ፣ ገና ሳይቆም ዘለው የሚገቡት ጎረምሶች ቦታውን ይሞሉታል። በመጨረሻ አንዱ አሽከርካሪ አዝኖላት፣ «እማማ፣ በኮንትራት ላድርስዎት?» አላት። «ልጄ፣ ለኮንትራት ከከፈልሁ ለሽንኩርቱ ምን ይተርፈኛል?» ብላ መለሰችለት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዳገት ነዳጅ ይበላል፤ ለቤንዚን ተሰልፎ ያደረ አሽከርካሪ ለአንድ ሰው ታሪፍ ዳገት አልወጣም ቢል አይፈረድበትም።

ገበያው ስንደርስ ባጃጁ ያወረደን ከምንፈልገው በር ብዙ ርቆ ነው፤ የሱቆቹ ፊት በቆሙ መኪኖች ተይዟልና። ሁለት ጎማቸውን የእግረኛው መንገድ ላይ የሰቀሉ አሉ፤ በቀረው ቦታ ላይ ሸቀጥ ተዘርግቷል፤ እግረኛው አስፋልቱን ከባጃጅና ከጭነት መኪና ጋር ይሻማል። ወጣቱ እየተሹለከለከ ያልፋል። ሽማግሌው የሚያርፍበት አንዲት አግዳሚ ወንበር ግን አላየሁም። ከዚህም የከፋውን ሰው ስለሚያፍርበት አይጽፈውም፤ እኔ ልጻፈው። አንዲት አሮጊት ሳትሸማቀቅ የምትገባበት መጸዳጃ ቤት ስላላገኘች፣ እናቴ ገበያ በምትወርድበት ቀን ከማለዳ ጀምሮ ውኃ አትጠጣም ነበር። የደም ግፊት ኪኒኗን በአንድ ጉንጭ ውኃ ትውጥና ትወጣለች። ባልንጀሮቿም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር የነገረችኝ እየሣቀች ነው፤ እኔ ግን አልሣቅሁም።

በዚያው ዕለት የሟች አባቴን ጡረታ ለማውጣት ወደ አንድ ባንክ ጎራ አልን። የባንኩን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ባንክ ብቻ አይደለምና። ቅርንጫፉ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ቆሟል። ደረጃውን ቆጥሬዋለሁ፤ 42 ነው። መንገድ ዳር ያለው ወለል ለጫማ ቤትና ለሞባይል መሸጫ ተከራይቷል፤ ኪራዩ ከፍ ስለሚል። የሃያ ዓመት ወጣት ጫማውን ያለ አንድ ደረጃ ይገዛል፤ የሰባ ስምንት ዓመት ባልቴት ጡረታዋን ለመቀበል 42 ደረጃ ትወጣለች። ፎቁን የሠራው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሲሠራ ያሰባት ማንም አልነበረም።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። «መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የማይችሉ» ሲል እናቴን የሚያውቃት ይመስላል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ከሁሉ በላይ የሆነው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ስንት ነገር እንደተሸሸገባት ለእናንተ ለአንባብያን አልነግራችሁም።

የመኪና ማቆሚያው ነገር ከሽማግሌው ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። በከተሞቻችን የሚሠራ የንግድ ሕንፃ ሁሉ ፕላኑ ሲጸድቅ ምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ተብሎ ይጻፋል። ሕንፃው ሥራ ሲጀምር ምድር ቤቱ መጋዘን፣ ልብስ ቤት፣ አንዳንዴም ምግብ ቤት ሆኖ ይገኛል። በአዲስ አበባ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ዘመቻ እንደታወጀ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ምድር ቤት የተነፈገው መኪና ወደ ጎዳና ይወጣል፤ ከጎዳናው ወደ እግረኛው መንገድ ይሰቀላል፤ እግረኛው ወደ አስፋልት ይወርዳል፤ አስፋልት ላይ መሮጥ የማይችለው ሰው ቤቱ ይቀራል። የሕንፃው ባለቤት ከምድር ቤቱ የሚሰበስበው ኪራይ የእናቴ ቅዳሜ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ጥቂት ስሌት እንሥራ። አንድ የቤት መኪና ለማቆም በወርድ ሁለት ሜትር ተኩል፣ በቁመት አምስት ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ይህም 12 ካሬ ሜትር ተኩል ነው። በዚህ ስፋት ላይ ስንት የጉልት ሴቶች ዘምቢላቸውን አስቀምጠው ልጅ እንደሚያሳድጉ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። መንገድ የማቋረጡንም ነገር እንመልከት። የትራፊክ መብራት ሲተከል ለእግረኛ የሚሰጠው ጊዜ በብዙ አገር የሚሰላው ሰው በሴኮንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነው። ብዙ አረጋውያን 0.8 ሜትር እንኳ በጭንቅ ይራመዳሉ። 14 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ወጣቱ በ12 ሴኮንድ ሲሻገር ሽማግሌው ከ17 ሴኮንድ በላይ ይፈልጋል። በእነዚያ በአምስቱ ሴኮንዶች ውስጥ መሐል አስፋልት ላይ ቆሞ ባጃጅ ሲመጣበት የሚያይ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቤቱ ባይወጣ ምን ይደንቃል?

አሁን ወደ ቁስቋም ልመለስ፤ ይህ ስፍራ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚናገረው አለውና። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከባላቸው ከዐፄ በካፋ ሞት በኋላ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን አገር ሲያስተዳድሩ፣ በዚያ ተራራ ወገብ ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ስሙንም እመቤታችን በስደቷ ካረፈችበት ከግብጹ ቁስቋም ወሰዱ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ከተገደለ በኋላ የቀረ ዘመናቸውን ያሳለፉትም በዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፈንጣጣ የታመሙ የመኳንንት ልጆችን ያስታመመው በዚሁ በቁስቋም ግቢ ነበር። እንግዲህ ቤተ ጸሎት፣ ግብር ቤት፣ የሕሙማን መኝታና የአረጋዊት እቴጌ ማረፊያ በአንድ ቅጥር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። እቴጌይቱ ከሥልጣን ሲርቁ ከከተማው አልራቁም። ለእርሳቸው በቅሎና ደጋፊ አሽከር እንዳልጠፋ አውቃለሁ፤ ዛሬ ለእናቴ የጠፋው ደግሞ በትክክል እሱ ነው።

ከተማን በካርታ ላይ በየቀለሙ ከፋፍሎ መሥራት ከውጭ የመጣብን ልማድ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ሲቆይ፣ ጌራርዶ ቦዚዮ በሚባል አርክቴክት ፕላን አስነድፎ ነበር። ፒያሳ የምንላት የዚያ ዘመን ቅሪት ናት። የፋሺስቱ ፕላን ሐሳብ ነጩን ከአገሬው፣ የአንዱን መኖሪያና ገበያ ከሌላው መለየት ነበር። የዘር መለያየቱ ከባለቤቱ ጋር ሄደ፤ የመከፋፈሉ ዘይቤ ግን በፕላን ቢሮዎቻችን ቀርቶ የቀጠለ ይመስለኛል፤ መኖሪያው በዚህ ቀለም፣ ንግዱ በዚያ ቀለም። ሽማግሌ በየትኛው ቀለም እንደሚኖር በካርታው ላይ ፈልጌ አላገኘሁም።

በቅርቡ አንድ የተማረ ወዳጄ ስለዚህ ስናወራ፣ «መፍትሔውማ ቀላል ነው፤ ከአዘዞ ወዲያ ሰፊ ቦታ ወስዶ ዘመናዊ የአረጋውያን ማዕከል መሥራት ነው። አየሩ ንጹሕ፣ መሬቱ ርካሽ» አለኝ። አሳቡ ቅን ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ጧሪ አጥተው ጎዳና ላይ ለወደቁ ሰዎች ማዕከል ያስፈልጋል፤ በአዲስ አበባ መቄዶንያ የሚሠራውን ያየ ሰው ይህን አይክድም። እናቴን የመሰሉት ግን ቤት አላቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ አንዳንዶቹም ከዋሽንግተንና ከቴል አቪቭ የሚላክ ገንዘብ አላቸው። ዶላሩ ክንድ ይዞ አስፋልት አያሻግርም እንጂ። እነዚህን ሰዎች ንጹሕ አየር ወዳለበት ሜዳ ብንወስዳቸው ሰንበቴያቸውን፣ ዕድራቸውን፣ የንስሐ አባታቸውንና የቅቤ ደንበኛቸውን ነጥቀናቸው በምትኩ አልጋ ሰጠናቸው ማለት ነው።

የሌላውም ዓለም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ናዚን ሸሽቶ ከቪየና አሜሪካ የገባው አርክቴክት ቪክቶር ግሩን እ.ኤ.አ. በ1956 በሚኒሶታ ግዛት ሳውዝዴል የተባለውን ባለ ጣራ የገበያ ማዕከል ሠራ። በእርሱ ሐሳብ ማዕከሉ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የሕክምና ስፍራና መናፈሻ የሚከቡት የከተማ እምብርት እንዲሆን ነበር። የሆነው ግን ገበያውና ዙሪያውን የከበበው የመኪና ማቆሚያ ባሕር ነው። መኪና የማይነዳ ሽማግሌ እዚያ ሥፍራ ምንም ዕጣ አልነበረውም። ግሩን በስተርጅናው ወደ ቪየና ተመልሶ በስሙ የሚነገድባቸውን ማዕከሎች አወገዘ። በሌላ በኩል ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2017 ካምፖንግ አድሚራልቲ የሚባል ሕንፃ በባቡር ጣቢያ ደጃፍ ሠርታለች። ከታች ሱቅና ምግብ ቤት፣ ከመሐል ሕክምና፣ ከላይ ለአረጋውያን 104 ቤቶች አሉት፤ የሽማግሌዎቹ መዋያና የሕፃናት ማቆያው ጎን ለጎን ናቸው። እኛ ሲንጋፖር አይደለንም፤ እኔም አሥራ አንድ ፎቅ ይሠራልን አላልሁም። የምጠይቀው አንድ ክፍል ነው።

በቅዳሜ ገበያ ዙሪያ ከሚገኙት የመንግሥት ወይም የቀበሌ ቤቶች አንዷ፣ ከመንገድ ጋር የተስተካከለች፣ የአረጋውያን መዋያ ትሁን። ወንበር፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ይኑራት። የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ቢገኝ ደግሞ ከወርቅ የበለጠ ነው፤ ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት የነበራት ከተማ ናት፤ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ማሰማራት የኖረበት ተቋም ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ተማሪ ወደ ገበያ መላክ አያቅተውም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለኝ፣ ከመኪናው ይምጣ። በየከተማው የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ የሚሰበስቡ የወጣት ማኅበራት አሉ። በገበያው ዙሪያ ያለው ታሪፍ በገበያ ቀን ከፍ ይበል፤ ጭማሪው ለዚያች ክፍል ይዋል። ምድር ቤቱን የሸጠ ባለ ሕንፃም ወይ ይክፈት፣ ወይ በጎዳና ላይ ላቆመው ለእያንዳንዱ መኪና ይክፈል።

የባጃጁን ጉዳይ ስምሪት ይፍታው። በቅዳሜ ጠዋት ከቁስቋም ግርጌ እስከ ገበያው በር የሚመላለሱ ጥቂት ባጃጆች በተራ ይመደቡ፤ ለዳገቱ ሐቀኛ ታሪፍ ይቆረጥላቸው። «ዳገትም ሜዳም አንድ ዋጋ» የሚለው ሕግ ለሽማግሌው የተቆረቆረ ይመስላል እንጂ ውጤቱ ባጃጅ እንዳይመጣለት ነው። ወንበሩን ተረጋግተው እስኪይዙ ድረስ ባጃጁ እንዳይነሣ ለተራ አስከባሪው ሥልጣን ይሰጠው። ኅዳር 6 ቀንም የቤት መኪና ከታች ይቁም፤ ሽቅብ የሚወጣው አዛውንትና ሕሙማንን የጫነ ባጃጅ ብቻ ይሁን። ይህ አይቻልም የሚለኝ ቢኖር ጥር 10 እና 11 ቀን ከተማው ታቦታት ለሚያልፉበት ጎዳና እንዴት መኪና እንደሚከለክል ያስታውስ። ደግሞም ቁስቋም እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ከተመዘገበው የፋሲል ግቢ ቅርስ አንዱ ክፍል ስለሆነ ቅጥሩን ገፍተን መንገድ እናስፋ ማለት አንችልም። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ይኖራል፤ ስለዚህ ማን እንደሚቀድም መወሰን ግድ ነው።

ነጋዴው «መኪና ካልቆመ ገበያዬ ይሞታል» እንደሚል አውቃለሁ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ኪራይና ግብር ያለበት ሰው ነው። ሆኖም ቅዳሜ ጠዋት በገበያው በር ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ ከደንበኞቹ ስንቱ በእግሩና በባጃጅ፣ ስንቱ በራሱ መኪና እንደሚመጣ ይቁጠር። ሌላው ደግሞ «ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ይህን ያህል ደም አይቶ፣ ወጣቱ ሥራ አጥቶ፣ አንተ ስለ አግዳሚ ወንበር ትጽፋለህ?» ይለኛል። እጽፋለሁ። በክፉ ቀን ቤተሰብን የያዙት እነዚህ እናቶች ናቸው፤ ስንቱ ወጣት በእነርሱ የጡረታ ብር እንደሚኖር በየሰፈራችሁ ጠይቁ።

የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት ጎንደርም ደርሷታል። የእግረኛ መንገድ ሲሰፋ ደስ ይለኛል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ነገር ግን የተዋበው ጎዳና እንግዳ የሚያልፍበት ሜዳው ነው፤ ሽማግሌው የሚኖረው ዳገቱ ላይ ነው። ብዛታችንን እንኳ በቅጡ አናውቅም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ጎንደር 112,249 ሰው ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. 207,044 ደረሰች፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። በ1999 ዓ.ም. በቆጠራው ስልሳ ዓመት ተብሎ የተጻፈ ሰው ዛሬ ሰማንያን ሊደፍን ነው፤ በፕላኑ ውስጥ ግን ገና በሁለት እግሩ ይሮጣል።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት በስልክ አነበብሁላት። ስለ ምድር ቤቱና ስለ ታሪፉ ስናገር ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ስለ ሲንጋፖሩ ሕንፃ ስነግራት «ኧረ ወዲያ!» አለች። መዋያዋ ላይ ስደርስ ግን አቋረጠችኝ። «ወንበሩን ደጅ ላይ፣ ከጥላ ሥር አድርጉት። ቤት ውስጥ ከገባንማ የሚያልፈውን ሰው በምን እናየዋለን?»